ፋየርፎክስን ከውጭ ሪፖ ብጭን ምን ይመጣብኛል? (ኡቡንቱ 22.04)

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ኡቡንቱ 22.04 የጫንኩበት ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ፋየርፎክሱ በስናፕ (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አሽጎ ለብቻው አጥሮ የሚያስኬድ አጫጫን) የመጣው ነው። ማሽኑን አስነስቼ መጀመሪያ ስከፍተው መስኮቱ እስኪመጣ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ስናፑን አጥፍቼ በተርሚናል በአፕት (ፓኬጅ የሚባሉትን የታሸጉ ፕሮግራሞች አውርዶ የሚጭን ትእዛዝ) ልጫነው ስል፣ አፕት ራሱ ዞሮ ስናፑን ያመጣልኛል። 22.04 ላይ በአፕት የሚገኘው ፋየርፎክስ ወደ ስናፕ የሚያሻግር ባዶ ፓኬጅ መሆኑን አውቃለሁ።

ሁለት አማራጭ ሪፖ (ሪፖዚተሪ፣ አፕት ፓኬጅ የሚያወርድበት ማከማቻ) አየሁ። አንዱ ላውንችፓድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው «ሞዚላ ቲም» የሚባል ፒፒኤ (ሰው ወይም ቡድን ለኡቡንቱ ፓኬጅ የሚያወጣበት የግል ሪፖ) ነው። ሌላው ሞዚላ ራሱ የከፈተው የአፕት ሪፖዚተሪ ነው። የቱ ይሻላል? ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ከኡቡንቱ ውጭ የሆነ ሪፖ ስጨምር በትክክል ምን እየፈቀድኩ ነው? ቪዲዮው ሁሉ «እነዚህን መስመሮች ኮፒ አድርጉ» ይላል። መስመሮቹ ምን እንደሚሠሩ የሚናገር ግን አላገኘሁም።

(ተጨማሪ፦ ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ። ጨርሶ ግን አላወጣሁትም፤ አንዳንዱ ቁም ነገር ይዟል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ የሞዚላን ሪፖ ያዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሞዚላ መደበኛውን ፋየርፎክስ በዴብ (የዴቢያንና የኡቡንቱ ዓይነት) ፓኬጅ ራሱ ያወጣል፤ መሃል ላይ ሌላ እጅ አይገባበትም። ስለ ፒፒኤውም አንድ ነገር አጠራልኝ። «ሞዚላ ቲም» ማለት ሞዚላ ድርጅቱ አይደለም። የሞዚላን ፕሮግራሞች ለኡቡንቱ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቡድን ነው። እነሱም የታመኑ ናቸው፣ ግን ባለቤቱ እያለ ለምን ትዞራለህ ነው ነገሩ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ሰጠኝ። ቁልፉን (የሪፖው ፊርማ የሚረጋገጥበትን) አውርድ፣ በአፕት-ኪ ትእዛዝ አስገባ፣ የሪፖውን መስመር ጨምር፣ በመጨረሻም የቅድሚያ ፋይል (አፕት የትኛውን ሪፖ እንደሚያስቀድም የሚነግር) ጻፍ። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ቪዲዮ ይዘላታል። የኡቡንቱ ባዶ ፓኬጅ ከቨርዥኑ ቁጥር ፊት «1» እና ሁለት ነጥብ ተለጥፎበታል። አፕት ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። የሞዚላው ቁጥር 120ም ይሁን 140፣ ለአፕት የኡቡንቱው ይበልጣል። ስለዚህ ለሞዚላ ሪፖ 1000 ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል። ተራ ሪፖ 500 ነው ያለው። 1000 ሲደርስ ግን አፕት ወደ ዝቅተኛ ቨርዥን ለመውረድም እሺ ይላል።

መልስ 2

እህታችን ቁጥር 1ን በትህትና አረመችው። አፕት-ኪ ጡረታ ወጥቷል አለች። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአፕት-ኪ የገባ ቁልፍ ማሽኑ ላይ ላሉት ሪፖዎች ሁሉ ይሠራል። የአንድ ትንሽ ፒፒኤ ቁልፍ ሌባ እጅ ቢገባ፣ በዚያው ቁልፍ የኡቡንቱን ዋና ሪፖ አስመስሎ መፈረም ይቻላል። አሁን የሚመከረው ቁልፉን «ኪሪንግስ» በሚባለው ፎልደር ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በሪፖው መስመር ላይ «ሳይንድ-ባይ» ብሎ ያንን ቁልፍ መጥቀስ።

በዚህ ሪፖው ታጥሯል፣ ከራሱ ፓኬጅ ውጭ ምንም ማምጣት አይችልም ብላ ዘጋች። ይህቺን የመጨረሻ አባባል ያዙልኝ፤ ቁጥር 9 ላይ ትመጣለች።

መልስ 3

ይሄኛው ጥያቄዬን ትቶ የመሥሪያ ቤቱን ጣጣ ነው ያወራን። አንድ ሰርቨር አላቸው። ፒኤችፒው የተጫነው ከፒፒኤ ነው፤ የጫነው ልጅ ሥራ ለቋል። ለዓመታት የነካው የለም። በኋላ የኡቡንቱው ዕድሜ አለቀ። የፒፒኤው ባለቤትም ዕድሜው ላለቀ ቨርዥን ፓኬጅ ማውጣት አቆመ፣ ፎልደሩንም አነሳው። ከዚያ ወዲህ አፕት አፕዴት በተባለ ቁጥር «የሪሊዝ ፋይል የለውም» የሚል ስህተት ይወጣል።

ሰርቨሩ አሁንም ይሠራል። ለፒኤችፒው ግን የደህንነት እርማት ከየትም አይመጣም። ወደ ኡቡንቱው ፒኤችፒ እንመለስ ቢሉ ቨርዥኑ ዝቅ ስለሚል ድረ ገጹ ይበላሻል። አለቃቸው ደግሞ የሚሠራ ነገር አይነካም ባይ ናቸው። መላሹ የፒፒኤውን ባለቤት አልወቀሰም። በነጻ የሚያገለግል ሰው የሞተ ቨርዥን ተሸክሞ አይኖርም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ሪፖ ስትጨምር የአንድን ሰው ትርፍ ጊዜም አብረህ እየተደገፍክ መሆኑን ነው።

መልስ 4

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። የዴቢያን ሰው ነው። ነገሬን ሳይቸግር ጤፍ ብድር አደረገው። የዴቢያን ዊኪ ላይ «ዴቢያንን አትስበሩ» የሚል ገጽ አለ፤ እሱን ሳያነብ ተርሚናል የሚከፍት ሰው ሊኑክስ ባይነካ ይሻለዋል ብሎ ተነሳ። ገጹ ላይ ከየቦታው በተለቃቀመ ፓኬጅ የተሞላ ማሽን «ፍራንከን-ዴቢያን» ይባላል። የእሱ መመሪያ አጭር ነው፦ ከዋናው ሪፖ ያልመጣ ፓኬጅ አይገባም። ፋየርፎክስ ከፈለግኩ ወደ ዴቢያን ዞሬ፣ እዚያ ያለውን ረጅም ድጋፍ ያለውን ፋየርፎክስ ልጠቀም። ቁጥር 1ን ደግሞ ሰውን ገደል የሚመራ አለው።

ገጹን ሄጄ አነበብኩት። ምክሩ እውነት ነው፣ ድምፁም የሰከነ ነው። የእኛ ሰው ብቻ ነው የጮኸበት።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው በንዴት መጣ። ዋናው ሪፖ ንጹሕ ከሆነ ኤክስዜድ በምን በኩል ገባ ብሎ ጠየቀ። የ2024ቱን መጋቢት ታሪክ ማለቱ ነው። «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ የቆየ ሰው፣ ኤክስዜድ በሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። ያ ፓኬጅ በፒፒኤ አልመጣም። በታላላቆቹ ዲስትሮዎች (እንደ ዴቢያንና ፌዶራ ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) በኩል ነው የገባው።

ስድስተኛው ረጋ ብሎ ይህንን ማስረጃ ገለበጠው። የገባው የት ነው? ገና በሙከራ ላይ ባሉት፦ ዴቢያን ቴስቲንግና አንስቴብል ላይ፣ ፌዶራ ሮውሃይድና የፌዶራ 40 ቤታ ላይ። የተረጋጋው ዴቢያን ስቴብል ላይ አልደረሰም። እንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር በኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር አገኘው። ዋናው ሪፖ ያዳነው በንጽሕናው አይደለም፤ አዲስ ነገር ወደ ስቴብል እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። አዲስ ቨርዥን በወጣ ማግስት የሚያቀብል የውጭ ሪፖ ይህ ፋታ የለውም። ስለዚህ የአምስተኛው ምሳሌ ለአራተኛው ሠራለት። አራተኛው ይህንን አይቶ ላይክ አደረገ። አምስተኛው ከዚያ በኋላ አልታየም።

መልስ 7

ከሜሪላንድ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ፌዶራ ነው የሚጠቀመው። እናንተ የምትከራከሩበት ነገር እኛ ጋ ግዴታ ነው አለ። ፌዶራ በአሜሪካ የፓተንት ሕግ ምክንያት አንዳንድ የቪዲዮና የድምፅ ኮዴክ (ማጫወቻ ኮድ) አይጨምርም። ፊልም ማየት የፈለገ ሁሉ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የውጭ ሪፖ ይጨምራል። ሰርቨር ላይ ሬድ ሃት ያለው ደግሞ ኢፔል የሚባለውን ተጨማሪ ሪፖ ሳይጨምር ብዙም አይራመድም። ውጭ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ውጭ አይደለም ማለቱ ነው። ኢፔልን የሚይዘው የፌዶራው ማኅበረሰብ ራሱ ነው። የማይታወቅ ሰው ትናንት የከፈተውን ፒፒኤ ከእሱ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

መልስ 8

የአርች ሊኑክስ ተጠቃሚ ሳይመጣ የሚያልቅ ክር የለም። ኤዩአር (ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚያስቀምጡበት የአርች ማከማቻ) ላይ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሠራር በጽሑፍ ተቀምጧል፣ አንብበህ ትጭናለህ፣ አለቀ ብሎ ሄደ። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ተሳለቁበት። አንደኛው ማን ያነባል አለ። ሌላኛው ቁምነገር አመጣ። በ2018 ባለቤት ያጣ አንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ ሌላ ሰው ተረክቦት፣ ከውጭ ስክሪፕት የሚያወርድ መስመር ጨመረበት። በ2025 ሐምሌ ደግሞ የፋየርፎክስና የሌሎች ብራውዘሮች ማስተካከያ ነን የሚሉ ሦስት ፓኬጆች ማሽንን ከርቀት የሚቆጣጠር ቫይረስ ይዘው ተገኙ። በሁለት ቀን ተነሱ። ስማቸው ላይ «ፊክስ» እና «ፓች» የሚል ነበረበት። ችግር የገጠመው ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገው ቃል ማለት ነው።

መልስ 9

ለዋናው ጥያቄዬ የመለሰው ይሄ ነው። ስለዚህ አላሳጥረውም።

መጀመሪያ ቁጥር 2ን አረመ፣ ትንሽ ኮስተር ብሎ። «ሳይንድ-ባይ» የሚያጥረው ቁልፉን ነው። ሪፖውን አያጥርም። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ሪፖ እንደሚሠራ ይወስናል፣ በቃ። ሪፖው ምን ስም ያለው ፓኬጅ ያምጣ የሚለውን ግን የሚከለክል ነገር የለውም። ፋየርፎክስ ለማምጣት የጨመርከው ሪፖ ነገ ሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት መሠረታዊ ፓኬጅ) የሚል ፓኬጅ ከኡቡንቱው ከፍ ባለ ቁጥር ቢያስቀምጥ፣ አፕት አፕግሬድ ስትል እሱን ይወስዳል። አፕት የሚያየው ቁጥሩን ነው። የሊብሲ ባለቤት ማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነጥቡ ስለ ሩት ነው፤ ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ ማለት ነው። ዴብ ፓኬጅ ፋይል ብቻ አይደለም። ከመጫኑ በፊትና በኋላ የሚሮጡ ስክሪፕቶች በውስጡ አሉ፣ የሚሮጡትም በሩት ሥልጣን ነው። ፓኬጁ የሰዓት መግብር ቢሆንም ያው ነው። ሱዶ ብለህ የይለፍ ቃልህን ስትጽፍ ፈቃዱን ሰጠህ። ፈቃዱ ደግሞ የዛሬ ብቻ አይደለም። ሪፖው ዝርዝርህ ውስጥ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ አፕግሬድ ያው ፈቃድ ነው። አንድ ዴብ ፋይል አውርዶ በእጅ ከመጫን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያኛው አንዴ ነው፤ ይሄኛው የማያቋርጥ ነው።

ከዚያ መድኃኒቱን ሰጠ። ሞዚላ ራሱ በሚሰጠው መመሪያ ላይ የቅድሚያ ፋይሉ ኮከብ ምልክት አለው፤ ከዚህ ሪፖ የሚመጣ ማንኛውም ፓኬጅ 1000 ይሁን ማለት ነው። ይሄ ከሚያስፈልገው በላይ ልግስና ነው አለ። እሱ ፋይሉን በሁለት አንቀጽ ይጽፈዋል። አንደኛው ከሞዚላ አድራሻ የሚመጣው ሁሉ፣ በኮከብ ምልክት፣ ቅድሚያው ከዜሮ በታች 1። ከዜሮ በታች ማለት ጨርሶ አይጫንም ማለት ነው። ሁለተኛው ስሙ በፋየርፎክስ የሚጀምር ብቻ 1000። በስም የተጠቀሰው ከኮከቡ ስለሚቀድም ፋየርፎክስ ያልፋል፣ ሌላው ይቀራል። ለማረጋገጥ አፕት ፖሊሲ ብለህ የፓኬጁን ስም ትጽፋለህ፤ ከየት እንደሚመጣና ስንት ቅድሚያ እንዳለው ያሳይሃል።

ሲጨርስ ግን አንድ ነገር አስታወሰ። ይህም ቢሆን የፋየርፎክሱ ፓኬጅ ራሱ በሩት ነው የሚጫነው። ሞዚላን አላምንም ካልክ የትኛውም ቅድሚያ አያድንህም።

ቁጥር 2 ተመልሳ አመስግናለች። እንደዚህ ያለ ሰው በየክሩ ቢኖር ጥሩ ነበር።

መልስ 10 እና 11

አሥረኛው ተንኮለኛ ነው። ሁላችሁም፣ አለ፣ የሪፖ ዝርዝር የሚቀመጥበትን «ሶርስስ ሊስት ዲ» የሚባለውን ፎልደር ክፈቱና ምን እንዳለ ንገሩን። ክሮም በዴብ የጫነ ሰው ሁሉ የጎግል ሪፖ እዚያ ተቀምጦለታል። ፓኬጁ ሲጫን ራሱ ይጨምረዋል። በዚህ አያበቃም። በየቀኑ የሚሮጥ ስክሪፕት ያስቀምጣል። ኡቡንቱን ወደ አዲስ ቨርዥን ስታሳድግ የማሳደጊያው ፕሮግራም የውጭ ሪፖዎችን ሁሉ ያጠፋቸዋል፤ የክሮሙ ስክሪፕት ግን የራሱን መልሶ ያበራዋል። ቪኤስ ኮድ የጫነም የማይክሮሶፍት ሪፖ አለው። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ደግሞ በ2021 መጀመሪያ ያው የማይክሮሶፍት ሪፖ በተራ አፕዴት ሳይነገር ገብቶ ብዙ ሰው ተቆጥቷል።

ከዚያ ቁጥር 4ን በቀጥታ ጠየቀው። ያንተስ ፎልደር?

ቁጥር 4 ለረጅም ሰዓት ጠፋ። በ11ኛው መልስ ተመለሰ። ክሮም አለው። ግን የሥራ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ ስብሰባ ስላለበት ነው፣ ያ ማሽን እንደ ማሽን አይቆጠርም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚል ተረት ወዲያው ከሥሩ ተለጠፈ። ለተረቱ ከቁጥር 9 ይልቅ ብዙ ላይክ መሰጠቱ ይገርመኛል።

መልስ 12

አወያዩ ነው። ተረትም ስድብም ይብቃ፣ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ። ማንም አልተመለሰም።

መልስ 13 እና 14

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ስለ ፒፒኤ ከተነሳ ብሎ አንድ ልጅ የአማርኛ ኪቦርድ ጠየቀ። ዊንዶውስ ላይ ኪማን ለምዷል፤ ለሊኑክስም ኪማን በፒፒኤ እንዳለ አይቷል። አሁን ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ፈራ።

አሥራ አራተኛዋ መላሽ አረጋጋችው። አማርኛ ለመጻፍ የግድ የውጭ ሪፖ አያስፈልግም። አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለው ፓኬጅ ዋናው የኡቡንቱ ሪፖ ውስጥ አለ፤ እሱ ከተጫነ አማርኛ በሴቲንግ ውስጥ ከኪቦርዶቹ ጋር ይመጣል። አጻጻፉ በላቲን ፊደል ድምፁን እየመቱ ነው። ለፊደሉም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት እዚያው ሪፖ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንን ኪቦርድ የለመደ ሰው ግን ኪማንን ቢጭን አትፈርድበትም፤ ጣት አንዴ ከለመደ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ሪፖው የባለቤቶቹ የራሳቸው ነውና ቁጥር 9 እንዳለው ቅድሚያውን አጥብቦ ይጠቀም አለች። ከዚህ በኋላ ጥቂት መልሶች ስለ ኪቦርድ ብቻ ሆኑ። የ«ፀ» እና የ«ጸ» ጠብ ውስጥ ስለገቡ ዘልያቸዋለሁ።

መልስ 15

በዕድሜ ጠና ያሉ ይመስላሉ፤ ሁሉም «ጋሼ» ሲላቸው አየሁ። የድሮ ዴቢያን ተጠቃሚዎች ለኮዴክ ብለው «ዴቢያን-መልቲሚዲያ» የሚባል የውጭ ሪፖ ይጨምሩ ነበር። ይፋዊ አልነበረም፣ ስሙ ግን ይፋዊ ይመስላል። ኋላ አድራሻውን ቀይሮ ሄደ። የድሮው ዶሜይን ጊዜው አለፈና ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ገዛው። በ2013 ሰኔ የዴቢያን ፕሮጀክት መግለጫ አወጣ፦ ይህን አድራሻ ከዝርዝራችሁ አውጡ። ያን ጊዜ ያቺ መስመር በስንቱ ማሽን ላይ ተረስታ ቁጭ ብላ እንደነበር አስቡት አሉ።

አንድ ወጣት ደፈር ብሎ፣ አዲሱ ገዢ የድሮው ቁልፍ ስለሌለው ፊርማው አይገጥምም፣ አፕት ይከለክለዋል ብሎ ሞገታቸው። ልክ ነህ ልጄ አሉት። ግን ፊርማው አልተረጋገጠም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ የሚል ሰው ስንት ነው? ስህተቱ ሲሰለቸው «ትረስትድ የስ» (ፊርማውን ሳትፈትሽ እመነው) ብሎ የሚገላገልስ? እኔ ራሱ እንዲህ ብለው የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አይቻለሁ።

መልስ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛው ስለ ዳታ ነው ያነሳው፤ እዚህ አገር ላለነው ትልቅ ነገር ነው። ሪፖ በጨመርክ ቁጥር አፕት አፕዴት ሲባል የዚያም ዝርዝር ይወርዳል። ስናፕ ደግሞ በነባሪው በቀን አራቴ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል፣ ካገኘ ሳይጠይቅ ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ላይ ሆነህ ይሄ ያማል። ስናፕ ሪፍሬሽ ላይ «ሆልድ» የሚል ትእዛዝ አለ፣ ያቆመዋል። ብዙ ማሽን ያለው ቢሮ ደግሞ አፕት-ካቸር-ኤንጂ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቢጭን ይበጀዋል። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ መስመር ይወስዳሉ። አንድ ጉድለት ግን አለው። የኡቡንቱ ዋና ሪፖ በተራው ኤችቲቲፒ ስለሚመጣ ይቀመጣል፤ የሞዚላው በኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ ተጨማሪ ማስተካከያ ካልተደረገ አይቀመጥም።

አሥራ ሰባተኛው ኤችቲቲፒ የሚለውን ሲያይ ደሙ ፈላ። በዚህ ዘመን ያለ ምስጢር ማውረድ ጅልነት ነው አለ። ፓኬጁን የሚጠብቀው ፊርማው እንጂ መስመሩ አይደለም ተባለ። እሱም የ2019ን ጥር ጠቀሰ። ያኔ አፕት ራሱ ላይ ክፍተት ተገኝቶ ነበር፣ መሃል መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው የፈለገውን በሩት እንዲያስጫን የሚያደርግ። ኤችቲቲፒኤስ ቢሆን መሃል መግባቱ ይከብደው ነበር። ይሄ ነጥብ የእሱ ነው፣ ማንም አልመለሰለትም። ስድቡን ባይጨምርበት ደግሞ ሰው ይሰማው ነበር።

መልስ 18

ዘግይታ የገባች ሴት ናት። ክሩን ሁሉ አንብባ፣ የረሳችሁት ነገር አለ አለች። ስናፑንም የሚያወጣው ሞዚላ ራሱ ነው፤ ፍላትሃብ ላይ ያለው ፍላትፓክም (እንደ ስናፕ ያለ ሌላ አጫጫን) እንዲሁ። ስለዚህ እምነት ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ስናፑና ፍላትፓኩ ታጥረው መሮጣቸው ነው፤ ዴቡ በሩት ገብቶ ከሲስተሙ ጋር ይዋሃዳል። የስናፑ አከፋፈትም ከ2022 ወዲህ ተሻሽሏል። ጥያቄው የፍጥነት ብቻ ከሆነ ስናፑን አድሰህ እንደገና ሞክረው ወይ?

ሞከርኩት። ተሻሽሏል። በ4 ጊጋ ራም ግን አሁንም ዴቡ ይቀላል። የሞዚላን ሪፖ በቁጥር 9 አጻጻፍ ጨመርኩት፣ አፕት ፖሊሲም የጠበቅኩትን አሳየኝ።

መልስ 19

ጨረስኩ ስል ይሄ መጣ። አጭር ጥያቄ ነበር፦ አፕዴቱን በእጅህ ነው የምታደርገው? ኡቡንቱ የደህንነት እርማትን በራሱ የሚጭነው «አንአቴንድድ አፕግሬድስ» በሚባለው ነው። እሱ ደግሞ በነባሪው የሚያውቀው የኡቡንቱን የራሱን ሪፖ ብቻ ነው። የውጭ ሪፖ ፓኬጅ ከጨመርክ አንተ አፕግሬድ እስክትል ድረስ ባለበት ይቀመጣል። ስናፑ ራሱን ያድስ ነበር። አሁን ማሽንህ ላይ ከኢንተርኔት ጋር በጣም የሚነካካውን ፕሮግራም ከራስ-ሰር እርማት አውጥተኸዋል ማለት ነው።

ከላይ ያሉት ሁሉ ይህን አላነሱትም፣ ቁጥር 9ም ጭምር። መፍትሔውን አብሮ ሰጠኝ። በዚያው ፕሮግራም ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ኦሪጅንስ ፓተርን» በሚለው ሥር «ሳይት» ብሎ የሞዚላን ሪፖ አድራሻ መጻፍ ነው። ጽፌ በ«ድራይ ረን» (ምንም ሳይጭን በሚሞክር ትእዛዝ) ፈተሽኩት፤ ከተፈቀዱት ውስጥ ገብቷል። ኡቡንቱን ወደ 24.04 ሳሳድግ ደግሞ ሪፖው እንደሚጠፋ አስጠነቀቀኝ። ያኔ የሪፖውን ፋይል ከፍቼ፣ እንደ አጻጻፉ ወይ የፊቱን የቁጥር ምልክት ማንሳት፣ ወይ «ኤነብልድ ኖ» የሚለውን «የስ» ማድረግ አለብኝ። ካልሆነ የኡቡንቱው ባዶ ፓኬጅ ስናፑን ይዞ ይመለሳል።

መልስ 20

24.04 ላይ ተንደርበርድም በስናፕ ሆኗል። አንድ ሰው እሱን በዴብ የሚፈልገው ከየት እንደሚያመጣ ጠይቋል፤ የቢሮው ኢሜይል ሁሉ እዚያ ላይ ነው። «ሞዚላ ቲም» ፒፒኤ ላይ እንዳለ ነግሬዋለሁ። ለፒፒኤ የቅድሚያ ፋይል ግን በአድራሻ ከመጻፍ የፒፒኤውን ስም መጥቀሱ ይሻላል፤ የላውንችፓድ ፒፒኤዎች ሁሉ የአንድ አድራሻ ተጋሪ ናቸው። 24.04 ላይ የሞከረ ካለ የፋይሉን ይዘት ይለጥፍለት።